«ደኅና ነው» ያለችው ሱነማዊት እና የማሊኖቭስኪ ሰላምታ

አንትሮፖሎጂስቱ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1923 ኦግደንና ሪቻርድስ ባሳተሙት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በወጣው ጽሑፉ፣ ስለ ጤናና ስለ አየሩ ጠባይ የምንጠያየቀው ሐሳብ ለማስተላለፍ ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማስተሳሰር ነው ብሏል። ይህን ንግግር «ፋቲክ ኮሚዩኒየን» ብሎ ሰየመው። (ኅብረት የሚለውን የእኛን ቃል እዚያ ማግኘት ደስ ይላል።) ከመድረክ «ከልብ ያልሆነ ልማድ» እየተባለ የሚናቀው ሰላምታ ሥራ እንዳለው ስላሳየን ልናመሰግነው ይገባል። የሚያሳስበኝ ቃሎቹ የሚሉትን ነገር እንደ ዋዛ ማለፉ ነው።

እስቲ 2ኛ ነገሥት 4ን ከጽሑፉ ጋር አንብቡ። ሱነማዊቷ ልጇ በጉልበቷ ላይ ሞቶ፣ በነቢዩ አልጋ ላይ አስተኝታው ወጥታለች። ባሏ ለምን እንደምትሄድ ሲጠይቃት መልሷ «ሻሎም» ብቻ ነው። በቀርሜሎስ ግያዝ ሮጦ ተቀበላት፤ ስለ እርሷ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጇ በየተራ ጠየቃት። እኛ ሰላም የምንባባልበት መንገድ ራሱ ነው! በዕብራይስጡ ቁጥር 26 ላይ ሻሎም ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፣ አንድ ጊዜ ይመለሳል። ከኤልሳዕ ዘንድ ስትደርስ ግን እግሩን ያዘች።

ብዙዎቻችን ይህን መልስ «የእምነት አዋጅ» አድርገን ሰብከነዋል። ምንባቡ ግን አይፈቅድልንም፤ ቁጥር 27 ነፍሷ እንደተመረረች ይናገራል፣ ቁጥር 28 ደግሞ ነቢዩን ስትወቅስ ያሰማናል። ውሸት ነው ማለትም አይቻልም፤ ግያዝን ያታለለችበት ጥቅም የለም። ማሊኖቭስኪም እዚህ አይበቃንም። ያ ቃል ሴቲቱን ከግያዝ ጋር አላስተሳሰረም፤ በትሕትና በሩን ዘጋበት እንጂ። «ደኅና» የሚለው ቃል ትርጉም ስላለው ነው መዝጋት የቻለው። ሰላምታ ኅብረትን ይፈጥራል፤ ኀዘን ለማን እንደሚነገርና ለማን እንደማይነገርም ይለያል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ንድፈ ሐሳቡ አላየውም።

እናንተም እሑድ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትቆሙ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ትሰማላችሁ። አንዳንዶቻችን «እውነቱን ተናገሩ፣ ደኅና ሳትሆኑ ደኅና ነን አትበሉ» እያልን እንገሥጻለን። ምእመኑ ግን ምናልባት ለእኛ ላለመናገር ወስኖ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተግሣጹ የሚገባው ለማን ነው?

ግያዝ የሚጠየቀውን ሁሉ በሥርዓቱ ጠይቋል። ጥቂት ቆይቶ ሴቲቱን ሊገፋት የቀረበውም እርሱ ነው። ኤልሳዕ ነገሩን አላወቀም፤ እግዚአብሔር እንደ ሰወረበት ራሱ ተናግሯል። ነገር ግን እንዲተዋት አዘዘ፤ ሴቲቱም እግሩን እንደያዘች ተናገረች።