ለፍሪዘር የሚሆን ወጥ በምን ይታወቃል?

ወጥ በብዛት ተሠርቶ ፍሪዘር ከገባ በኋላ ወጥቶ ሲሞቅ ካልጣመ፣ አብዛኛው ሰው ጥፋቱን በፍሪዘሩ ላይ ያደርጋል። ፍርዱ ግን ያለ ቦታው የወደቀ ነው። ፍሪዘር አያበስልም፣ አያጣፍጥም፤ የተረከበውን ባለበት ያቆያል፤ በጅምር የቀረ ሥራ ካለ ደግሞ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ተቀምጦ የሚበላ ምግብን መመዘን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ምድጃውን ነው። ምድጃው ላይም አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ውሃው በጊዜው ወጥቷል ወይስ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል?

ይህ መለኪያ ከፍሪዘር ጋር የመጣ አይደለም። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ምግብ ያቆዩ እጆች ሁሉ ትግላቸው ከውሃ ጋር ነበር። ቋንጣ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ነፋስ ላይ ሲሰቀል የማይበላሸው ውሃው ስለሚወጣ ነው። ንጥር ቅቤ ከለጋው ይበልጥ የሚቆየውም እሳት ላይ ውሃው አልቆ አተላው ስለሚለይ ነው። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ሲወርዱ ሶማሌዎች ሙቅማድ የሚሉት ሥጋ በትንንሹ ተከትፎ፣ ደርቆና ተጠብሶ ቅቤ ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬም ሐረር ላይ፣ በፈላና በር በኩል በግንብ ወደታጠረው ጀጎል ገብቶም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ፣ ምግብ የማቆየት ፍላጎት ከጾምና ከበዓል ጋር የተሳሰረ ነው። ረመዳን ሲቃረብ ሳምቡሳ አስቀድሞ መጠቅለል ለሙስሊሙ ቤት ትልቅ ዕረፍት ነው፤ በክርስቲያኑ ቤት ደግሞ የበዓል ዶሮ ወጥ ሳያልቅ ረቡዕና ዓርብ ይደርሳሉ። ሳምቡሳውንም ወጡንም የሚያስመሰግናቸው አንድ ነገር ነው። የሳምቡሳው ምስር ወይም ሥጋ ውሃው እስኪጠፋ ካልበሰለና ካልቀዘቀዘ ሊጡን ያረጥበዋል። በደንብ የደረቀው ግን ሳይጠበስ ይቀመጥና፣ በረዶው ሳይለቀው ከፍሪዘር በቀጥታ ዘይት ውስጥ ይገባል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ሲሰፋ የአትክልቱንና የሥጋውን አካል ከውስጥ ይቀድዳል፤ በረዶው ሲቀልጥ የተቀደደው ሁሉ ውሃ ይለቃል። በወጥ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ውሃ የሚያዝለው ሽንኩርት ስለሆነ፣ ፈተናው ቁሌት ላይ ነው። ሙያ ያላት ሴት ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ታቁላላለች፤ ውሃው አልቆ ሲሟሽሽ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን ትጨምራለች፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን ትቶ ዘይቱ ከዳር እስኪለይ ታማስላለች። እንዲህ የተሠራ ቁሌት ብቻውን እንኳ ቢቀመጥ፣ ከአንዱ ድስት ምስር ወጥም ሥጋ ወጥም ይወጣል። ተቻኩሎ የተሠራው ግን በረዶው ሲለቅ ውሃው ለብቻ፣ በርበሬው ለብቻ ይሆናል።

ሐረር ላይ ሌላም ሚዛን አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጅማት የበዛበት የበሬም ሆነ የግመል ሥጋ ቆላ ካለችው ድሬዳዋ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ሰዓት ተቆጥሮ የወረደ ሥጋ ሳይለሰልስ ፍሪዘር ከገባ፣ ሲሞቅ ደረቅና ክር ክር ይሆናል። ጥሩ ሠራተኛ የምትታወቀው ደግሞ በምትተወውም ነው። ድንች በረዶ ሲለቀው ስለሚሻክር አልጫው ውስጥ አትከተውም፤ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ጎማ ስለሚሆን የዶሮ ወጡን እንቁላል ለሚበላበት ቀን ታቆየዋለች። አብሽ በሚገባበት ሁልበት መረቅም መረቁና ሥጋው ይቀመጣሉ፤ አብሹ ግን የሚመታው በዕለቱ ነው፤ አረፋው በረዶ አይችልም።

ሳህን ላይ ሲደርስ ፍርዱ በዓይን ይጀመር። የሞቀው ወጥ ዳር ቀጭን ውሃ ካቆረ ቁሌቱ አልበሰለም። በላዩ ጥርት ያለ ቀይ ዘይት ከታየ ደህና ነው። ቀጥሎ ይሽተት፤ ብርድ የቅባትን መበላሸት ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም፤ ስለዚህ የከረረ ሽታ ያለው ወጥ ወይ ዕቃው አየር አስገብቷል፣ ወይ ብዙ ወራት ቆይቷል። ሥጋው በጣት ሲነካ ሳይፈረፈር መላላጥ አለበት። አቀማመጡም ይጠየቅ፤ ወጡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ በስሱ ከገባ ቶሎ ስለሚረጋ የበረዶው ቅንጣት ትንሽ ይሆናል። ትልቅ ድስት እንዳለ ሲከተት መሐሉ ለብዙ ሰዓት ሳይረጋ ይቆያል፤ ይህ ለጣዕምም ለጤናም መጥፎ ነው።

ምግብ ትኩስ ካልሆነ ምግብ አይደለም የሚሉ አሉ። ለክትፎ፣ ለጥብስና ለሰላጣ እውነታቸውን ነው፤ እነዚህን ፍሪዘር ውስጥ መፈለግ ጥፋት ነው። ቀስ ብሎ ለበሰለ ወጥ ግን አይሠራም፤ የዶሮ ወጥ በማግሥቱ ቅመሙ ገብቶት ይበልጥ እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ቤት የለም፤ ቋንጣ ፍርፍርም የሚወደደው በራሱ ጣዕም እንጂ ትኩስ ሥጋ ስለጠፋ አይደለም። ዘይትና ከሰል በተወደደበት ጊዜ እንዲህ ማቁላላት አይቻልም የሚሉም አሉ። ነገር ግን ውሃውን የሚያስወጣው ጊዜ እንጂ ዘይት አይደለም፤ ከሰሉም ቢሆን ለአንድ ትልቅ ድስት የሚፈጀው በየቀኑ ለሚጣደው ትንሽ ድስት ከሚሄደው ድምር ያንሳል።

ከሁሉ ከባዱ ተቃውሞ የመብራት መጥፋት ነው፤ መልሱም ጥንቃቄ ነው። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ለ48 ሰዓት ያህል፣ ግማሹ የሞላ ለ24 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ብርዱ መያዙን ለማወቅ ፍሪዘሩ ውስጥ በሲኒ ውሃ አርግቶ በላዩ የአንድ ብር ሳንቲም ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ እንደነበር ያሳብቃል፤ ያን ጊዜ ምግቡን ያለ ጸጸት መጣል ይገባል። ደህና የቆየውም ቢሆን ለብ ብሎ አይቅረብ፤ እስከ መሐሉ ይፍላ። እንግዲህ በሚቀጥለው ድስትዎ ፍሪዘሩን ከመመርመርዎ በፊት ሽንኩርቱን ይመርምሩ፤ ውሃው ሳያልቅ ዘይት አይጨምሩ፣ ዘይቱ ሳይለይ ከእሳት አያውርዱ።