የቃጫ ወረቀትና የሠዓሊው ገበታ

ስለ ሥዕል ሲጻፍ ስለ ቀለሙና ስለ መስመሩ ብዙ ይባላል፤ ቀለሙ ስላረፈበት ገበታ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። የእጅ ሥራ ወረቀት ነገር ሲነሣ ደግሞ «ወረቀትማ ጥንትም የእኛ ነው፤ ብራናው ምስክር» የሚል ክርክር ይሰማል። ይህ ጸሐፊ ክርክሩን አይቀበለውም። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ የሚገኝ ነው፤ ቆዳው ቆዳነቱን አይለቅም። ወረቀት ግን ተክሉ እስከ ክሩ ፈርሶ በውሃ ውስጥ እንደገና የሚገነባ ነገር ነው። ስሙም ከዐረብኛ የተገኘ ነው። የሐረር ሊቃውንት በጥረዛ ጥበባቸው የተመሰገኑ ሲሆኑ፣ ከገለበጧቸው መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ የሦስት ጨረቃ የውሃ ምልክት ያለበት ባሕር ተሻጋሪ ወረቀት ይታያል። ጽሑፉና ጥረዛው የእኛ ነበር፤ ወረቀቱ ግን የተገዛ ነው።

ገበታው ራሱ ሥዕል ሊሆን እንደሚችል ካሳዩን አንዱ ስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በሠራው «የጊዜ ዑደት 3» ከዛፍ ልጥ የተቀጠቀጠውን ጨርቅ ቀለም መሸከሚያ ብቻ አላደረገውም፤ ቅርጹን ከራሱ ከልጡ አካል አስነሣው። ዘሪሁን የትምጌታም በቀርከሃ ልጥ ላይ ሲሥል የቀርከሃው ስንጥቅ የሥዕሉ መስመር ይሆናል። ከሁለቱም የምንማረው ገበታውን መምረጥ የሐሳቡ አካል መሆኑን ነው።

ሐዋሳ ላይ ቆሞ ይህን ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ቅርብ ነው፦ እንሰት። እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፤ ለሻይ ከረጢትና ለጃፓን የገንዘብ ኖት ክር የሚሰጠው የፊሊፒንስ አባካም ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራል። የሲዳማ ሴቶች ግንዱን ሲፍቁ ከልፋታቸው ቆጮ፣ ቡላና ቃጫ ይወጣል። ቃጫው እስከ ዛሬ ይበልጡን ለገመድ ሲውል ኖሯል።

አሠራሩን በጥቂቱ መናገር ያሻል። ቃጫው በአጭሩ ተቆራርጦ በአመድ ውሃ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፤ ክሩን አጣብቆ የያዘው ነገር የሚለቀው በዚህ ነው። ከዚያም ታጥቦ በሙቀጫ ይወቀጣል። መወቀጡ ክሩን ለማሳጠር ብቻ አይደለም፤ ገጹ እንዲበጣና ውሃ እንዲጠጣ ጭምር ነው። ፐልፑ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ በወንፊት ይጨለፋል፤ ወንፊቱ ግራና ቀኝ ሲነቀነቅ ክሮቹ ይጠላለፋሉ። በጨርቅ ላይ ተገልብጦ ተጭኖ ሲደርቅ፣ ያለ ሙጫ እርስ በርሱ ይያያዛል። መወቀጡን የቸኮለ ሰው የሚያገኘው ወረቀት ሳይሆን ሻካራ ምንጣፍ ነው። ቀለም እንዳይሰርግበት ገጹ በስታርች ይቀባል፤ የዐረብ ወረቀት ሠሪዎች ይህን በስንዴ ስታርች ይሠሩት ነበር። ቡላም ስታርች ነው፤ ሆኖም የሰው ምግብ ነውና እጅ ሊሰበሰብለት ይገባል።

የሐዋሳ ባህል አዳራሽ በእንሰት አገር መካከል የቆመ ስለሆነ ይህን ሥራ ለማስተማር የተገባ ስፍራ ነው። ነገር ግን በብዙ አገር የእጅ ወረቀት የደረሰበት ዕጣ ያሳስባል፦ የደረቀ አበባ ተለጥፎበት የመልካም ምኞት ካርድ ይሆናል፤ ሻካራነቱ ብቻውን እንደ ውበት ይቆጠራል። ይህ ጥበብ አይደለም። ወረቀቱ የከሰልን መስመር መሸከሙ፣ ሲላጭ አለመቦጨቁ፣ ሲታጠፍ አለመሰንጠቁ መፈተን አለበት። የሥዕል መምህር ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ገጽ ለማውጣት ሙሉ ቀን ቢፈጅበት ከፋብሪካ ወረቀት ጋር በዋጋ አይወዳደርም፤ ያ ተማሪ ግን ወረቀት ከምን እንደሚሠራ በእጁ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። በኤግዚቢሽን ላይ ከሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም ይጻፋል፤ ወረቀቱን የጨለፈው ምናልባት ይጠቀስ ይሆናል። ቃጫውን የፋቀችው ሴት ግን ስሟም ዋጋዋም በገመድ ነጋዴው ሂሳብ ላይ እንደቀረ ነው። ወረቀቱ በጥበብ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ ቃጫውም በገመድ ዋጋ ሊገዛ አይገባም።