ካባውን ያወለቀው ሰን ራ

«ይኸ ሰውዬ ፒያኖውን እየተጫወተው ነው ወይስ እየተጣላው?» አለና የዶርም ጓደኛዬ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ስቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለቀልድ ያህል ነው ያለው። እኔ ግን ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ይህችን ጽሑፍ የምጽፋት በመጀመሪያ ለእርሱ መልስ እንድትሆን ነው። በዚያውም ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር «ሰፊው ሕዝብ የማይገባው ሙዚቃ ለማን ይበጃል?» እያላችሁ ለምትሟገቱኝ ሁሉ ትድረስ።

የምንነጋገርበት ሸክላ «ሶሎ ፒያኖ፣ ቮልዩም 1» ይባላል። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1977 የተቀዳ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያወጣው ደግሞ ራሱም ፒያኒስት የሆነው ፖል ብሌይ ያቋቋመው «ኢምፕሮቫይዚንግ አርቲስትስ» የተባለ አነስተኛ የሸክላ ድርጅት ነው። ተጫዋቹ ሰን ራ ከመቶ በላይ አልበሞች ያሉት ሰው ሲሆን፣ ባንዱን ትቶ ብቻውን ፒያኖ ላይ የተቀመጠባቸው ግን ጥቂት ናቸው። ከዚህኛው በፊት በ1966 የተቀዳው «ሞኖሬይልስ ኤንድ ሳተላይትስ» አለ። እንግዲህ ብርቅ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሰውዬው ማነው? በ1914 አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ከተማ ሲወለድ የወጣለት ስም ሄርማን ብላውንት ነበር። ያደገው ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ በሚኖርበት አገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሕሊናዬ አይፈቅድም፣ አልዘምትም በማለቱ ታስሯል። ከጦርነቱ በኋላ ቺካጎ ገብቶ በስመ ጥሩው በፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ውስጥ ፒያኖ መታ። በ1952 ስሙን በሕግ አስለውጦ የጥንት ግብጾችን የፀሐይ አምላክ፣ የራን ስም ያዘ። ከዚያ ወዲያማ አገሬ ሳተርን የምትባለዋ ፕላኔት ናት ባይ ሆነ። የራሱን ባንድ አቋቁሞ «አርኬስትራ» አለው፤ በዚህ ስም ውስጥ የኖኅን መርከብም ታቦትንም የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል ተደብቆ ይገኛል። ተጫዋቾቹ የሚያብረቀርቅ ካባ ለብሰው መድረክ ይወጡ ነበር፤ ብዙዎቹም ከእርሱ ጋር ባንድ ቤት እየኖሩ በእርሱ ሥርዓት ያድሩ ነበር። በ1971 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ያረፈው በ1993 ነው።

ስለ ሰን ራ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ካባውና ስለ ሳተርን ነው። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያመልካል፤ የሚያዳምጠው ጥቂት ነው። በዚህ ሸክላ ላይ ግን ካባ የለም፣ ከበሮ የለም፣ ጭፍራ የለም። አንድ ሰው፣ ሁለት እጅ፣ አንድ ፒያኖ ብቻ።

ታዲያ ከሳተርን መጣሁ የሚል ሰው አልበሙን በምን ይከፍተዋል? በሮኬት ጩኸት እንዳይመስላችሁ። የሚከፍተው እናት እንደሌለው ልጅ ሆንኩ በሚለው፣ ከባርነት ዘመን በወረደው የጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር ነው። ዜማው እዚያው አለ፤ የሚያውቀው ሁሉ ይለየዋል። ከሥሩ የሚገቡት ድምፆች ግን እንደ ደንቡ አያጅቡትም፤ ይገፉታል፣ ይጎነትሉታል፣ ያሻክሩታል። እኔ ሰን ራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እናቱም አገሩም የተነጠቀበት ልጅ አገርህ የት ነው ቢባል ምን ይመልስ? «ሳተርን» አለ። እኛ እብደት ያልነው ነገር ለዚያ መዝሙር የተሰጠ መልስ ነው እንጂ ከምድር መሸሽ አይደለም። የሚሸሽ ሰው እኮ ጉዞውን ከቁስሉ አይጀምርም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። በዚሁ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጄሮም ከርን በ1933 ለቲያትር የደረሰው «የስተርዴይስ» አለ። እሱን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ሰን ራ የድሮውን የፒያኖ አመታት ከነሥርዓቱ እንደሚያውቀው አይጠራጠርም። ከሄንደርሰን ዘንድ የዋለ ሰው እንዴት አያውቅም! የሚያፈርሰውን ቤት ማገር በማገር ያውቀዋል። በቅኔ ቤትም ቢሆን ጉባኤ ቃናውን ሳያበጅ መወድስ ልዝረፍ የሚል ይሳቅበታል፤ ሥርዓቱን የጨረሰ ግን ያልተጠበቀ መንገድ ቢያወጣ እሰይ ይባልለታል። ስለዚህ ወዳጄ፣ ሰውዬው ፒያኖውን አልተጣላውም። የተጣላው ፒያኖው ከተመደበለት የሳሎን ወግ ጋር ነው።

ይህን ስል ሁሉንም ላወድስ አይደለም። ገጹ ሲገለበጥ «ሮማንስ ኦቭ ቱ ፕላኔትስ» እና «ኢሬጉላር ጋላክሲ» ይመጣሉ፤ እዚህ ላይ ተቸግሬያለሁ። ርዕሶቹ የሚያህል ነገር አላገኘሁባቸውም። ባንዱ ቢኖር ኖሮ ጥሩምባውና ከበሮው ሰፊ ሰማይ ይዘረጉለት ነበር፤ ብቻውን ሲሆን አንዳንዴ ሐሳብ እስኪመጣለት ጣቱን የሚያንቀሳቅስ ይመስላል። ይህን የማያምን አድናቂ ካለ ምእመን እንጂ አድማጭ አልለውም።

ስለ ሰፊው ሕዝብም አንድ ቃል። ያ መዝሙር የማን ነው? የባሪያዎቹ አይደለም እንዴ? ሰን ራ ከሕዝቡ ወስዶ አከበደው እንጂ ከሕዝቡ አልራቀም። ደግሞስ ሕዝብ ቀላል ነገር ብቻ ነው የሚገባው ያለን ማነው? እኔን እንደሚመስለኝ ሕዝብን መናቅ ማለት ይህ ነው። «ለሕዝብ እናስብ» ስንል ራሳችን ማዳመጥ የሰለቸንን ነገር በሕዝብ ስም እንዳንከለክል እፈራለሁ።

ሰን ራ በ1959 በወጣው «ጃዝ ኢን ሲልዌት» አልበሙ ላይ «ኤንሸንት ኢትዮጵያ» የሚል ሥራ እንዳለው የሚያውቁ አንዳንድ ወንድሞች ደረታቸውን ሲነፉ አይቻለሁ። ቀስ እንበል። ያች ኢትዮጵያ እኛ ዳቦ የምንሰለፍባት አይደለችም፤ እንደ ሳተርን ሁሉ አገር የተነፈገ ሰው በሐሳቡ የሠራት አገር ናት። ኩራቱ ይቆየንና በመጀመሪያ እናዳምጠው።

እንግዲህ ለመስማት ለምትፈልጉ ምክሬ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መዝሙሩን፣ ቀጥሎ «የስተርዴይስ»ን ስሙ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ወዳለው «ቱ ኤ ፍሬንድ»፣ «ለወዳጅ» እንደማለት ነው፣ ዝለሉ። ፕላኔቶቹን ለነገ አቆዩዋቸው። ጓደኛዬ እስካሁን ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም፤ አጥፋው ማለቱን ግን ትቷል። የማትስማሙ ካላችሁ ቀጣዩ እትም ክፍት ነውና ብዕር አንሡ።