ኢዲፍ፦ ጥሩ መሣሪያ፣ ክፉ አቀባበል

ኢዲፍን መጀመሪያ የከፈተ ሰው ወዲያው ቢዘጋው አይፈረድበትም። ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ፋይሎችን አወዳድርልኝ ሲሉት፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ያደርግና ሌላ ትንሽ መስኮት ለብቻው ብቅ ያደርጋል። ትእዛዝ የሚሰማው ይህ ትንሹ መስኮት ብቻ ነው። ጠቋሚው ፋይሉ ላይ ሳለ ወደ ቀጣዩ ልዩነት ለማለፍ «ኤን»ን የተጫነ ሰው፣ ማለፉ ቀርቶ ፊደሏን ጽሑፉ መሃል ተሰንቅራ ያገኛታል። ልዩነት እንዲያሳይ የተጠራ መሣሪያ አዲስ ልዩነት አስፈጠረ ማለት ነው።

ኢዲፍን የጻፈው በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሩ ማይክል ኪፈር ነው፤ ሥራው ከኢማክስ ጋር የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ሰፊ ስክሪን ብርቅ በነበረበት ዘመን ፋይሎችን ከላይና ከታች ማድረግ ያስኬድ ነበር። ዛሬ አያስኬድም። መቆጣጠሪያውን ወደ ዋናው መስኮት ለመመለስና ፋይሎቹን ጎን ለጎን ለማቆም ሁለት መስመር ቅንብር ይበቃል፤ ያንን ግን እያንዳንዱ ጀማሪ ራሱ ቆፍሮ ማግኘት አለበት።

ይህን ያለፈ ሰው ግን ሌላ መሣሪያ ያገኛል። ኢዲፍ ማወዳደሩን ራሱ አይሠራም፤ ዲፍ የተባለውን ፕሮግራም ይጠራል። ዲፍ በ1970ዎቹ በቤል ላብስ የተወለደ ሲሆን፣ ዳግላስ ማክኢልሮይና ጄምስ ሃንት አሠራሩን በ1976 ጽፈው አሳውቀዋል። የሚያውቀው መስመርን ብቻ ነው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብትጨመር መስመሩን በሙሉ «ተለውጧል» ይላል። ኢዲፍ እዚህ ላይ ብልህ ዘዴ አለው። የተለያዩትን ክፍሎች በቃል በቃል ይበትንና እያንዳንዱን ቃል በየራሱ መስመር አስቀምጦ ዲፍን እንደገና ይጠራዋል። ስለዚህ አንቀጹን በሙሉ በአንድ መስመር ለሚጽፍ ሰው፣ እንደኛ ጋዜጠኞችና ተርጓሚዎች ላለ፣ ከአንቀጹ ውስጥ የተነኩት ቃላት ብቻ በደመቀ ቀለም ተለይተው ይታያሉ። ሌላው የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ በ2001 የወጣው ቪም 6.0፣ ይዞት የመጣው ማወዳደሪያ ሲከፈት ያማረ ነው፤ መስመር ውስጥ ግን ለረጅም ዓመታት ከመጀመሪያው ልዩነት እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ሲቀባ ኖሯል።

በአማርኛ ግን የቃል ልኬት ሰፊ ነው። «አልነገርኳቸውም» ወደ «አልነገርናቸውም» ሲቀየር የተለወጠው አንድ ፊደል ነው፤ ቀለሙ ግን ቃሉን በሙሉ ይሸፍናል፤ ባለቤቱ መቀየሩን በዓይን መልቀም የአንባቢው ዕዳ ነው። ጽሑፉን በቃል ሳይሆን በፊደል እንዲበትን ማዘዝ ይቻላል። ያኔ «ኳ»ና «ና» ይለያሉ፤ ረጅም አንቀጽ ላይ ግን እዚህም እዚያም በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ፊደላት እየተገጣጠሙ ገጹን ዥጉርጉር ያደርጉታል። እኔ ለእርማት በፊደል፣ ለድጋሚ ጽሑፍ በቃል እመርጣለሁ። ለ«ፀሐይ»ና ለ«ጸሀይ» ግን መላ የለም። ዲፍ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል እኩል እንዲያይ ይታዘዛል፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚያይበት ምርጫ ግን የለውም። ሁለት አራሚዎች የተፈራረቁበት ጽሑፍ ምንም ሐሳብ ሳይቀየር በቀለም ይጥለቀለቃል።

ብዙዎች የሚመክሩት ሌላው ቅንብር ባዶ ቦታን ችላ ማስባል ነው። በጭፍን አይወሰድ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ የመስመር ገባ ማለት ትርጉም አለው፤ አንድ ትእዛዝ ከ«ኢፍ» ሥር ወጥቶ ፕሮግራሙ ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ኢዲፍ እንደታዘዘው ልዩነት የለም ይላል።

የፓች ሥራው የተሻለ ታስቦበታል። ላሪ ዎል በ1985 ያወጣው ፓች፣ የዲፍን ውጤት ተቀብሎ አሮጌውን ፋይል አዲስ ያደርጋል፤ ቦታው ትንሽ ቢንሸራተትም በዙሪያው ባሉት መስመሮች እየተመራ ይፈልገዋል። ፈልጎ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊለጥፍም ይችላል፤ ይህን ደግሞ ዓይን እንጂ ፕሮግራም አይይዘውም። ኢዲፍ ፓቹን ካስለጠፈ በኋላ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ያሳያል፤ ያልተስማማንን በአንድ ቁልፍ ወደነበረበት እንመልሳለን። ፓቹ ብዙ ፋይሎችን የሚነካ ከሆነም ዝርዝር ከፍቶ አንድ በአንድ ያስመርጣል። ቅሬታዬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ የሚጠይቀን ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ከተለወጠ በኋላ ነው፤ አሮጌው ቅጂ በመጠባበቂያነት አጠገቡ ቢቀመጥም። ሥራው አልቆ «ኪው» ሲጫኑት ደግሞ በእርግጥ ልውጣ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፓቹን ከመለጠፉ በፊት ባቀረበው።