«ምላሽ አይሰጥም» ስለሚለው ጽሑፍ አንዳንድ ነጥቦች

በትምህርት ቤቶቻችን የኮምፒውተር ክፍሎች ውስጥ ደጋግመው የሚነበቡ፣ ነገር ግን እስካሁን ሐያሲ ያላገኙ አጫጭር ጽሑፎች አሉ። እነዚህም ብራውዘር ሥራ ሲያቅተው በስክሪኑ ላይ የሚያወጣቸው መልእክቶች ናቸው። ማንኛውም ጽሑፍ የሚመዘነው ለአንባቢው በሚሰጠው ፍሬ ነገር ከሆነ፣ እነዚህንም በዚሁ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይገባል እንላለን። ተማሪው የምዝገባ ቅጹን ሞልቶ ሊጨርስ ሁለት መስመር ሲቀረው ገጹ ቢደርቅበት፣ ቀጥሎ ለሚያደርገው ነገር መሪው ያ አጭር ጽሑፍ ብቻ ነውና።

በመጀመሪያ «ገጹ ምላሽ አይሰጥም» የሚለውን እንውሰድ። ሰዋስዋዊ ግድፈት የለበትም። ጉድለቱ «ሰርቨሩ ምላሽ አልሰጠም» ከሚለው ሌላ መልእክት ጋር በአንድ ቃል መጠቀሙ ነው። የሁለቱ ነገር ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው፣ ገጹ ከኮምፒውተራችን ከገባ በኋላ እዚያው መታነቁን ይናገራል። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ለኔትስኬፕ የፈጠረው ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የገጹን ዋና ሥራ የሚያካሂደው በአንድ ሰልፍ ነው፤ የያዘውን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። ስለዚህ ረጅም ወይም ማለቂያ የሌለው ስሌት ከፊት ከተገተረ፣ የተማሪው የማውስ ጠቅታም ሆነ የሚጽፈው ፊደል ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ዳቦ ቤት በር ላይ አንዱ ደንበኛ ስለ መልስ ሲከራከር ሰልፉ ሁሉ እንደሚቆም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የኔትወርኩ ገመድ ቢነቀል ቢሰካ የሚለወጥ ነገር የለም። ሁለተኛው መልእክት ግን በተቃራኒው፣ ኮምፒውተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ጥያቄው ወደ ሩቅ ሄዶ መልስ ሳይመጣ መቅረቱን የሚገልጽ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

አንባቢ ሁለቱን ካልለየ ምን እንደሚከተል በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት እናየዋለን። ለሁሉም አንድ መልስ አለ፤ «ሲስተም የለም»። ይህ ሐረግ የትኛው ነገር፣ የት ቦታ፣ ለምን እንደቆመ አይናገርም፤ ባለጉዳዩን ወደ ቤቱ ለመመለስ ግን በቂ ነው።

ሌላው ቅሬታችን ገጽ ሲታነቅ ስለሚቀርበው ምርጫ ነው። ጠብቅ ወይም ዝጋ ይላል። ዝጋ ሲል ግን ያልተላከው ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ሊጠፋ እንደሚችል አያስጠነቅቅም። በቅድሚያ መጠበቅ፣ ቀጥሎም የማይፈለጉ ታቦችን መዝጋት እንደሚሻል የሚያውቀው አስቀድሞ የተነገረው ብቻ ነው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ታቦችን በተለያዩ ሂደቶች እንዲሠሩ አድርጎ ስለከፈላቸው፣ አንዱ ሲታነቅ ብዙውን ጊዜ ሌሎቹ ይተርፋሉ። ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አብሮ መጫንም የትኛው ታብ ማስታወሻውን እንደበላው ያሳያል። ይህን መልእክቱ ራሱ በአንዲት መስመር ቢናገረው ምን ነበረበት?

404 የሚለው ቁጥርም በብዙ ክፍሎች «ኔትወርክ ጠፋ» ተብሎ ይተረጎማል። እንዲያውም ቁጥሩ መንገዱ ክፍት ለመሆኑ ማስረጃ ነው፤ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ «የጠየቅኸው ገጽ እኔ ጋ የለም» የሚል መልስ ይዞ ተመልሷልና። መታየት ያለበት የአድራሻው አጻጻፍ ነው። ኔትወርኩ በእርግጥ ሲቋረጥ ክሮም ትንሿን ዳይኖሰር ያወጣል። ከ2014 ጀምሮ በቁልፍ ሰሌዳ የምትዘልል ይህች እንስሳ በተማሪዎች ዘንድ ከኢንተርኔቱ የበለጠ ሳትወደድ አትቀርም፤ ቢያንስ ግን ትርጉሟ ግልጽ ነው።

ሁሉንም ግን አንነቅፍም። ክሮም የኮምፒውተሩ ቀን ሲሳሳት የሚያወጣው መልእክት ጥሩ ድርሰት ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን በግልጽ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ የያዘውን ቀንም ጽፎ ያሳያል። ነገሩ እኛን በተለይ ይመለከተናል። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ቀን የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወይም አንድ ቅን ሰው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 መሆን ሲገባው በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ይሞላል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ398 ቀን በላይ እንዲያገለግል ተደርጎ አይሰጥም። ስለዚህ ራሱን 2017 ላይ ያስቀመጠ ኮምፒውተር የሚያየው ሰርተፊኬት ሁሉ ገና ያልተወለደ ይሆንበታል፤ ብራውዘሩም ገጹን አላምንም ብሎ በሩን ይዘጋል። መፍትሔው ቀኑን ማስተካከል ብቻ ሲሆን፣ መልእክቱን ሳያነቡ ብራውዘሩን ነቅለው እንደገና የሚጭኑ አሉ።

ከአፍ ወደ አፍ ስለሚተላለፈው «ካሽና ኩኪ አጥፋ» ስለሚለው ምክርም አንድ ነገር እንበል። ምክሩ አንዳንዴ ይሠራል፤ ነገር ግን ምርመራ ሳይደረግ የታዘዘ መድኃኒት ነው። ኩኪዎቹ ሲጠፉ ተማሪው ከገባበት አካውንት ሁሉ ይወጣል፤ የይለፍ ቃሉን ከረሳ ችግሩ ሁለት ሆነ። በፊት ገጹን በግል መስኮት ከፍቶ ማየት ይሻላል። ይህ መስኮት የቀድሞዎቹን ኩኪዎች አይጠቀምም፤ ኤክስቴንሽኖችም ካልተፈቀደላቸው በስተቀር አይሠሩበትም። እዚያ ከተከፈተ ጥፋቱ ከተከማቸው ወይም ከኤክስቴንሽን ነው፤ የዚያን ድረ ገጽ ብቻ ማጽዳት ይበቃል። እዚያም ካልተከፈተ ኩኪዎቹን መንካት አያስፈልግም።

ከላይ የነቀፍነውን መልእክት እኛ ብንጽፈው የሚከተለውን እንል ነበር፦ «ገጹ እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ሥራ በዝቶበት ቆሟል፤ በኔትወርኩ አይፍረዱ። ጥቂት ይጠብቁት። ከዘጉት ያልላኩት ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል።» ከዋናው ይረዝማል፤ ያም ሆኖ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከኮምፒውተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ አያስቸግርም።