በሩ የማይዘጋ ቤት

ቦሩ ሜዳ ላይ አንድ አዛውንት ቀፎ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አረፈድኩ። ከደሴ ወጣ ሲሉ ብርዱ ወዲያው ይለያል፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሌሊቱን ውርጭ የመታው ሣር ነጥቶ ያድራል። ንብ ግን እጯን የምታሳድገው 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ሙቀት ነው። የቀፎ ሠሪው ጭንቀት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አዛውንቱ ቀጫጭን አርጩሜዎችን እርጥብ ሳሉ ይጎነጉናሉ፤ አንዱን በላይ፣ አንዱን በታች እያሳለፉ፣ በየዙሩ ጠበቅ እያደረጉ። አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ድብልብል ሲሆን አንስተው ወደ ፀሐይ ያዞሩትና በውስጡ አሻግረው ያያሉ። ብርሃን በዛ ብሎ በገባበት ቦታ አንድ አርጩሜ ይጨምራሉ።

ከዚያ ምርጊቱ ይቀጥላል። ጭቃው፣ እበቱና ጭዱ በእግር ተረግጦ ውሎ ያደረ ነው። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። የመጀመሪያውን ልባስ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ በጉንጉኑ መሃል ያስገቡታል፤ ሁለተኛውን በመዳፋቸው ያለሰልሱታል። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። አንድ የደረቀ ቀፎ አቅርበው እጄን አስገብቼ እንድዳስስ ፈቀዱልኝ። እስከ ክርኔ አስገባሁ፤ አንዲት ስንጥር አልነካችኝም።

እ.ኤ.አ. በ1851 አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በማር እንጀራዎቹና በቀፎው ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ከተተወ ንቦች እንደማይደፍኑት አስተውሎ፣ በፍሬም የሚሠራውን ዘመናዊ ቀፎ ፈጠረ። በዚያ ቀፎ ልኩን የሚጠብቀው አናጺው ነው። በጭቃው ቀፎ ግን ልኩ ለንቦቹ ተትቷል፤ እንጀራውን ከጣሪያው ላይ እያንጠለጠሉ ርቀቱን ራሳቸው ይጠብቃሉ። የሠሪው ድርሻ ደረቅ፣ ሞቃትና ጨለማ ቤት ማቅረብ ነው።

እባብ በመስታወት ሣጥን የሚያኖር ሰውም ሙቀቱንና እርጥበቱን ይለካል፤ ነገር ግን ክዳኑ ካልገጠመ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ እባቡ ሾልኮ ይሄዳል። ቀፎ ሠሪ ግን በሩን ክፍት ይተዋል። ቤቱ ከቀዘቀዘ፣ ከረጠበ ወይም ጉንዳን ከገባበት መንጋው ነቅሎ ይኮበልላል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ዳኛዋ ንቧ ናት፤ ፍርዷም መቆየት ወይም መሄድ ነው።

አዛውንቱ ይህን ስለሚያውቁ ቀፎውን ቆጥ ላይ ከሰቀሉም በኋላ አይተዉትም። እርጥበት እንዲወጣ ወደ መግቢያው ትንሽ ያዘነብሉታል፤ ፊቱን ከነፋስ ያዞሩታል፤ በቆጡ እግር ሥር አመድ ይነሰንሳሉ። ማር ሲቆርጡ ጭስ እየነፉ ከኋላ ከፍተው ነው፤ እጩ ወደ በሩ በኩል ስለሚሆን አይነኩትም፤ ለንቦቹም ስንቅ ይተዋሉ። አደይ አበባ ሳይፈነዳ ደግሞ ክረምቱ ያጠበውን ልስን ያድሳሉ።

ግድግዳው ሥር አገልግሎ ያበቃ ቀፎ ወድቆ ነበር። ጎኑ በየዓመቱ የተለጠፈ ጭቃ የተደራረበበት ሲሆን ቀለሙ ከድርብ ድርብ ይለያያል። አንድ ስንጥቅ ላይ ቆየሁ። ከውጭ የአዛውንቱ አውራ ጣት አሻራ ደርቆ ቀርቷል፤ አዙሬ በውስጥ በኩል ሳየው ያንኑ ስንጥቅ ንቦቹ በሙጫቸው ደፍነውታል።