አንድ መጽሐፍ፥ ሁለት አንባቢ፤ ስለ ዘመናዊው የፖላንድና የስሎቫክ ሥነ ጽሑፍ ጭብጥና አቀባበል

መግቢያ

አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ የሚገጥመው ዕድል በሥራው ጥራት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ማን አነበበው? በየትኛው ቋንቋ አነበበው? በሚያነብበትስ ጊዜ በራሱ ኑሮ ውስጥ ያስጨነቀው ነገር ምን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ለመጽሐፉ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው። ይህም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የራሳቸውን መንግሥት ለረጅም ዘመን ተነፍገው በቋንቋቸውና በመጽሐፋቸው በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ነው። ፖላንዶችና ስሎቫኮች ከነዚህ ወገን ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ሕዝቦች የሥነ ጽሑፍ ታሪክ መዘርዘር አይደለም። ጥቂት ሥራዎችን መርጦ በአገራቸውና በውጭ እንዴት እንደተነበቡ በማነጻጸር፥ መምህሩ የባዕድ አገር መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ሲያቀርብ ሊያስተውላቸው የሚገቡትን ነጥቦች ማመልከት ነው። ከተመረጡት አንዱ ስለ አገራችን የተጻፈ በመሆኑም ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፍ በመንግሥት ምትክ

ፖላንድ በ1772፥ በ1793 እና በ1795 በሩሲያ፥ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ ከካርታ ከጠፋች በኋላ እስከ 1918 ድረስ ለ123 ዓመት ያህል ነጻ መንግሥት አልነበራትም። በዚህ ዘመን ሕዝቡን አንድ አድርገው ካቆዩት ነገሮች ዋነኞቹ ቋንቋው፥ ሃይማኖቱና ሥነ ጽሑፉ ነበሩ። ትምህርት ቤትም የትግል ሜዳ ሆነ። በ1901 በፕሩሲያ አገዛዝ ሥር በነበረችው በቭዤሽኛ ከተማ የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ እንዲሰጥ በታዘዘ ጊዜ ሕፃናቱ በጀርመንኛ አንመልስም በማለታቸው ተገርፈዋል። ድርጊቱን በአደባባይ ካወገዙት መካከል ደራሲው ሄንሪክ ሼንኬቪች ይገኝበታል።

የስሎቫኮች ዕጣ ደግሞ ከዚህ የጠበበ ነበር። እነርሱ እስከ 1918 ድረስ በሀንጋሪ መንግሥት ሥር ኖረዋል። ለዛሬው የጽሑፍ ቋንቋቸው መሠረት የተጣለው በ1843 በሉዶቪት ሽቱርና በባልደረቦቹ ነው። በ1863 «ማቲጻ ስሎቬንስካ» የተባለውን የባህል ማኅበር አቋቋሙ። ይሁን እንጂ በ1874 እና በ1875 የነበሯቸው ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፥ ቀጥሎም ማኅበሩ ራሱ፥ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቼኮች ጋር በአንድ መንግሥት ተጠቃለሉ፤ ስሎቫኪያ ዛሬ ያለውን ነጻ መንግሥት ያገኘችው ጥር 1 ቀን 1993 ነው።

እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚጽፍ ደራሲ ሁለት ሸክም ይወድቅበታል። አንደኛው የማንኛውም ደራሲ ሸክም፥ ማለትም ሰውን እንደ ሰውነቱ መግለጽ ነው። ሁለተኛው በሌለው መንግሥት ምትክ ለሕዝቡ መናገር ነው። የአገሩ አንባቢ ሁለተኛውን አጥብቆ ይፈልጋል፤ የውጭው አንባቢ ግን ብዙውን ጊዜ መኖሩንም አያውቅም።

ሮማን ያነበበና ፖላንድን ያነበበ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1896 በመጽሐፍ መልክ የወጣው የሼንኬቪች «ኩዎ ቫዲስ» ነው። ልብ ወለዱ በኔሮን ዘመን በሮማ ከተማ በክርስቲያኖች ላይ የደረሰውን ስደት ይተርካል። በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አንባቢ አግኝቷል፤ ደራሲውም በ1905 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። የውጭው አንባቢ መጽሐፉን የተቀበለው እንደ ሃይማኖታዊና ታሪካዊ ትረካ ነበር።

የፖላንዱ አንባቢ ግን ሌላ ነገር አየ። በሮማ በመያዣነት የምትኖረው ሊጊያ የሊጊያውያን ንጉሥ ልጅ ናት፤ የሊጊያውያንም ምድር ፖላንድ ባለችበት አካባቢ እንደነበረ ይታመን ነበር። አገልጋይዋ ኡርሱስ ልጅቱን በቀንዱ ላይ ታስራ የመጣችበትን ከጀርመን ምድር የተወሰደ የዱር በሬ አንገቱን ጠምዝዞ ሲጥል፥ በፕሩሲያ አገዛዝ ሥር ላለ አንባቢ የትዕይንቱ መልእክት ግልጽ ነበር። አንዱ ስለ ሮማ ሲያነብ ሌላው ስለ ራሱ ነጻነት ያነብ ነበር። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ሆኖም ሁለተኛውን ንባብ የማያውቅ ሰው መጽሐፉ በአገሩ ያን ያህል የተወደደበትን ምክንያት ሊረዳ አይችልም።

የተራው ሰውና የእሺታ ጭብጥ በስሎቫክ ልብ ወለድ

በዘመናዊው የስሎቫክ ልብ ወለድ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው ጭብጥ ስም የሌለው ተራ ሰው ነው። በመምህርነት ይሠራ የነበረው ዮዜፍ ጺገር ህሮንስኪ በ1933 ያሳተመው «ዮዜፍ ማክ» የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ባለ ታሪኩ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ የተራራ መንደር ልጅ ነው። ለውትድርና ሄዶ ሲመለስ የሚወዳት ልጅ የወንድሙ ሚስት ሆና ያገኛታል። ድል አያደርግም፥ አያምጽም፤ ይችላል፥ ይኖራል። ደራሲው ይህን ሰው ከሚሊዮኖች አንዱ እንጂ ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅ ጀግና አድርጎ አላቀረበውም። መንግሥትና ጀግና ያልነበረው ሕዝብ ታሪኩን በትዕግሥት መልክ ቢጽፈው የሚያስገርም አይሆንም።

ነገር ግን ትዕግሥት ከእሺታ በምን ይለያል? ይህን ጥያቄ ሳይሸሽ የያዘው ዶሚኒክ ታታርካ ነው። «የእሺታ ጋኔን» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው ሥራው በ1956 በመጽሔት፥ በ1963 ደግሞ በመጽሐፍ መልክ ወጣ። ተራኪው በአውሮፕላን አደጋ የሞተ ጸሐፊ ነው፤ በሕይወት ሳለ ያላመነበትን እንዴት ሲያጸድቅ እንደኖረ ከሞት ወዲያ ሆኖ ይናገራል። ታታርካ ኃጢአቱን በአለቆች ላይ ብቻ አልጣለም። እጁን ለማጽደቅ ያነሣው እያንዳንዱ ሰው የጋኔኑ ማደሪያ መሆኑን አሳይቷል። በነሐሴ 1968 የሶቪየት ኅብረትና የጓደኞቿ ጦር ቼኮዝሎቫኪያ ከገባ በኋላ ሥራዎቹ እንዳይታተሙ ተከለከሉ። እርሱም የአገዛዙ ለውጥ ከመምጣቱ ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ በግንቦት 1989 ሞተ።

የላዲስላቭ ምኛችኮ «የሥልጣን ጣዕም» አቀባበል ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በታላቅ ባለ ሥልጣን ቀብር ላይ ቆሞ፥ የትግል ጓደኛው የነበረው ይህ ሰው ሥልጣን እንዴት እንዳበላሸው ያስታውሳል። መጽሐፉ በመጀመሪያ የወጣው በ1967 በጀርመንኛ ነው፤ በስሎቫክኛ በመጽሐፍ መልክ ለአገሩ አንባቢ የደረሰው በ1968 ነበር። የምዕራቡ አንባቢ ስለ አንድ አገዛዝ ምስጢር የተሰጠ ምስክርነት አድርጎ ወሰደው። የአገሩ ሰው ግን ያነበበው ምስጢር አልነበረም፤ የሚያውቀውን ነገር ነበር። ለእርሱ ክብደቱ የጓደኛሞች ታሪክ መሆኑ፥ ማለትም የታገሉለት ዓላማ በገዛ እጃቸው መበላሸቱ ነው።

ማድነቅ በትእዛዝ

በፖላንድ በኩል ለመምህራን ከሁሉ የቀረበው ሥራ ቪቶልድ ጎምብሮቪች በ1937 ያሳተመው «ፈርዲዱርኬ» ነው። የሠላሳ ዓመት ሰው በአንድ ምሁር ተይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ እንደ ልጅም ከልጆች ጋር ይቀመጣል። በክፍሉ ውስጥ መምህሩ ስለ ገጣሚው ስዎቫትስኪ ያስተምራል። ገጣሚው ታላቅ ስለሆነ ግጥሙ ልባችንን ይነካል ይላል። አንድ ተማሪ የእርሱን ልብ እንዳልነካው ይናገራል። መምህሩ በመጨረሻ የሚያቀርበው ማስረጃ የግጥሙ ውበት አይደለም፤ ሚስትና ልጅ እንዳለው እየጠቀሰ ተማሪውን መለመን ነው።

ትዕይንቱ የሚያስቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀልድ ብቻ አይደለም። ጎምብሮቪች የነካው በመንግሥት ምትክ የቆመ ሥነ ጽሑፍ የሚያስከትለውን አደጋ ነው። መጽሐፉ የአገር ምልክት ሲሆን ማድነቅ ግዴታ ይሆናል፤ ማድነቅ ግዴታ ሲሆንም ማንበብ ይቀራል። በዚህ ረገድ የጎምብሮቪች ተማሪና የታታርካ ጸሐፊ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ ልጅ ሳለ እንቢ ያለውን ሌላው ጎልማሳ ሆኖ እሺ ብሎታል።

የመጽሐፉ የኋላ ታሪክ ራሱን አረጋግጧል። ደራሲው ከ1939 እስከ 1963 በአርጀንቲና በስደት ኖረ። «ፈርዲዱርኬ» በአገሩ በ1957 እንደገና ቢታተምም፥ ከዚያ በኋላ እርሱ በ1969 እስኪሞት ድረስ አዲስ እትም አልወጣም። አገዛዙ ከተለወጠ በኋላ በትምህርት ቤት ከሚነበቡት መጻሕፍት ተርታ ገባ። በ2007 የወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር የጎምብሮቪችን ሥራዎች ከዝርዝሩ ለማውጣት አሳብ ሲያቀርቡ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በግድ ማድነቅን ያፌዘበት ደራሲ ራሱ የግዴታ ንባብ ሆነ፤ ቀጥሎም የዝርዝር ጠብ መነሻ ሆነ። ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር፥ የንባብ ዝርዝር መጽሐፉን ወደ ክፍል ከማስገባት አልፎ ንባብን ሊያረጋግጥ የማይችል መሆኑ ነው።

ስለ እኛ የተጻፈ፥ ለሌሎች የተነገረ

ሪሻርድ ካፑሺቺንስኪ በ1978 በዋርሶ ያሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥትና ስለ መንግሥታቸው መውደቅ የተጻፈ ነው። ደራሲው ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ በአዲስ አበባ ተሸሽገው የነበሩ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎችን አነጋግሬ ጻፍሁት ይላል። ተናጋሪዎቹ ስማቸው በፊደል ብቻ የተመለከተ ነው።

የፖላንድ አንባቢ በመጽሐፉ ውስጥ ኢትዮጵያን አልፈለገም። ጊዜው ኤድቫርድ ጊዬሬክ የኮሙኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ የነበሩበት ነው። ባለ ሟልነት፥ ወሬ ማቀበል፥ ከችሎታ ይልቅ ታማኝነትን መሾም፥ ስለ ልማት እያወሩ ሕዝቡን አለማየት፥ ይህ ሁሉ ለዋርሶ ነዋሪ የሩቅ ነገር አልነበረም። ስለ ራሱ ገዢዎች በግልጽ ሊጻፍ የማይቻለውን በሩቅ አገር ንጉሥ ስም አነበበው። መጽሐፉ ተወደደ፤ በመድረክም ቀረበ። በ1983 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን የምዕራቡ አንባቢ ስለ ፖላንድ ብዙም ሳይጨነቅ እንደ እውነተኛ የኢትዮጵያ ምስክርነት ተቀበለው።

ሦስተኛው አንባቢ ኢትዮጵያዊው ነው። እርሱ የሚያነበው መጽሐፍ ከሁለቱም የተለየ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከንባብና ከጽሕፈት የራቁ መስለው ቀርበዋል፤ እርሳቸው ግን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለውን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰው ነበሩ። ከቤተ መንግሥት ሰዎች አፍ የሚወጡት ረጃጅም የማዕረግ አጠራሮችም በአማርኛ አቻ የላቸውም፤ «ጃንሆይ» እና «ግርማዊነትዎ» ሲል የኖረ ሰው እንዲያ አይናገርም። ደራሲው ለተናጋሪዎቹ የሰጠው ከጥንታዊው የፖላንድ ቋንቋ የተቀዳ ያረጀ አነጋገር ነው። የታሪክ ምሁሩ ሀሮልድ ማርከስ በ1990 ባወጡት ጽሑፍ የመጽሐፉን ስሕተቶች ዘርዝረው አቅርበዋል። ደራሲው በ2007 ከሞተ በኋላም አርቱር ዶሞስዋቭስኪ በ2010 ያወጣው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በእውነትና በፈጠራ መካከል ስላለው ወሰን በፖላንድ ውስጥ ከባድ ክርክር አስነሥቷል።

ታዲያ ፍርዳችን ምን ይሁን? አንዳንዶች መጽሐፉ ምሳሌያዊ ነውና ስሕተቱ አይቈጠርበትም ይላሉ። ይህ አሳብ በቂ አይደለም። ምሳሌው ለአንዱ ሕዝብ ነጻ መተንፈሻ ሲሆን፥ ዋጋውን የከፈለው ስሙን ያዋሰው ሌላው ሕዝብ ነው። ሼንኬቪች የኔሮንን ሮማ ሲዋስ ከዚያ ዘመን ተነሥቶ የሚከራከረው ሰው አልነበረም፤ ካፑሺቺንስኪ የተዋሰው ግን ሕያዋን ምስክሮች ያሉትን አገር ነው። በሌላ በኩል መጽሐፉን ጨርሶ መጣልም አይገባም። ሥልጣን በዙሪያው ያሉትን ሰዎች እንዴት እንደሚያሳንስ ያሳየበት ጥበብ ከታታርካና ከምኛችኮ ሥራ ጋር የሚሰለፍ ነው። በአጭሩ «ንጉሠ ነገሥቱ» ስለ ኢትዮጵያ ደካማ ምስክር፥ ስለ ሥልጣን ግን ብርቱ ድርሰት ነው። ተማሪው እነዚህን ሁለት ፍርዶች በአንድነት መያዝ ከቻለ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሒስ ዋናውን ነገር ተምሯል ማለት ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተሉትን ነጥቦች ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፥ የትርጉም ሥራ ለተማሪ ሲቀርብ መጽሐፉ መቼ፥ የት፥ ለማን እንደ ተጻፈና መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ እንደ ታተመ አብሮ ሊነገር ይገባል። የምኛችኮ ምሳሌ እንደሚያሳየው የኅትመቱ ቅደም ተከተል ራሱ የመጽሐፉ ታሪክ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ አገራችን በውጭ ሰዎች የተጻፉ መጻሕፍት ለብቻቸው ባይሰጡ ይመረጣል። «ንጉሠ ነገሥቱ» የሚነበብ ከሆነ ከንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ የተመረጡ ምዕራፎች ጎን ለጎን ይነበቡ። የሕይወት ታሪኩም ቢሆን ራሱን የሚከላከል ገዢ የጻፈው መሆኑን መምህሩ ሳይሸሽግ ያስረዳ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ተማሪው ራሱ ይፈልግ።

ሦስተኛ፥ የተማሪው «አልነካኝም» የማለት መብት ይጠበቅለት፤ ነገር ግን ለምን እንዳልነካው ከመጽሐፉ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቅ። በጎምብሮቪች ክፍል ውስጥ የጎደለው የተማሪው ድፍረት አይደለም፤ ከመልሱ በኋላ ሊቀጥል የሚገባው ጥያቄ ነው። የቭዤሽኛ ሕፃናት ባልመረጡት ቋንቋ አንመልስም ብለው ተገርፈዋል። እነርሱ የተገረፉለት ቋንቋ በኋላ ዘመን በክፍል ውስጥ ባዶ ማሞገሻ ብቻ እንዳይሆን የሚጠብቀው፥ በእያንዳንዱ ቀን የሚያስተምረው መምህር ነው። ይህም ለፖላንድ ብቻ የተነገረ አይደለም።